እግሯን ተዪው፣ ጭንቅላቷን እዪ

እህቴ፣ የ10 ወር ልጅሽ እግሯ የመኪናውን መደገፊያ መንካት እንደጀመረ ጽፈሻል። ወደ ኋላ እያየች የምትቀመጥበት ካር ሲት (የሕፃን የመኪና ወንበር) ጠቧት ይሆን፣ ፊቷን ወደ ፊት ላዙራት ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። የድሮውን ደግሞ ለእህትሽ ልጅ ልትሰጪው አስበሻል። እኔ የምኖረው ጅማ ነው፤ ልጄ 3 ዓመት ሊሞላው ነው። ይሄ ጥያቄ እኔንም ብዙ አስጨንቆኝ ስለነበር ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ ስለ እግሯ። እግሯ ስለታጠፈ ወይም መደገፊያውን ስለነካ ካር ሲቱ ጠበባት ማለት አይደለም። አማቴም ልጁን ባዩት ቁጥር «ኧረ እግሩ ታጥፎ ምኑ ይመቸዋል? ዞር አድርጉለት እንጂ» ይሉኝ ነበር። አዝነውለት ነው። ግን ልጅሽ ምንጣፍ ላይ ስትጫወት አስተውያት። እግሯን አጣጥፋ እኮ ነው የምትቀመጠው። ለእኛ የሚያመን አቀማመጥ ለእነሱ ምንም ማለት አይደለም።

የሚያሳስበው ጭንቅላቷ ነው። እኔ እንዲህ ነበር የማየው። መኪናው በር ላይ እንደቆመ ልጁን አስቀምጬ በደንብ አስረዋለሁ። ከዚያ ሽፋኑ ደረቅ የሆነ ደብተር አናቱ ላይ ጋደም አደርጋለሁ። ከደብተሩ እስከ ካር ሲቱ የላይኛው ጠርዝ ያለውን በልብስ ሰፊ ሜትር እለካለሁ። 9 ወሩ ላይ 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነበር። ዓመቱን ሊደፍን ሲል 2 ብቻ ቀረ። የኔ ካር ሲት መመሪያ ደግሞ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር መትረፍ አለበት ይላል። ስለዚህ የዚያ ካር ሲት ነገር በዚያው አበቃ።

ያኔ ደነገጥኩ፤ ምክንያቱም እኔ ስከታተል የነበረው ኪሎውን ብቻ ነው። ካር ሲቱን እህቴ ናት ከአሜሪካ የላከችልኝ። ጎኑ ላይ 30 ፓውንድና 30 ኢንች ይላል፤ ወደ እኛ ሲመለስ 13.6 ኪሎና 76 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጤና ጣቢያ ሲመዘን 9.6 ኪሎ ነበር። ገና 4 ኪሎ ይቀረዋል ብዬ ተዘናጋሁ። ቁመቱ ግን 75 ደርሶ ነበር። ኪሎ፣ ቁመት፣ የጭንቅላት ቦታ፤ ከሦስቱ አንዱ ቀድሞ ከሞላ ሌሎቹን አትጠብቂ። ብዙ ልጆች ደግሞ ከኪሎው በፊት በቁመት ነው የሚያልፉት። ያንቺ ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ብርቱካናማ ስቲከር ፈልጊ። በድሮው ሕግ የተሠሩት የሕፃን ካር ሲቶች እስከ 13 ኪሎ ይላሉ። አዲሶቹ በሴንቲ ሜትር፣ በቁመት ነው የሚጽፉት።

«ማሰሪያው አልደርስ አላት፣ ጠቧታል» የሚያሰኝ ሌላ ነገር አለ፤ እኔም ተታልዬበታለሁ። ታኅሣሥ ላይ ወደ አዲስ አበባ ልንሄድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሳን። የጅማን የንጋት ብርድ ታውቂዋለሽ። ልጁን ወፍራም ጃኬት አልብሼ በብርድ ልብስ ከጠቀለልኩት በኋላ አሰርኩት። አልቆለፍ አለኝ። አድጎ ነው ብዬ ማሰሪያውን ለቀቅ አደረግኩት። ሰኮሩን አልፈን ግቤ በረሃ ስንወርድ ሙቀቱ መጣ፤ ልጁ በላብ ራሰ። ብርድ ልብሱንም ጃኬቱንም ሳወልቅለት በማሰሪያውና በደረቱ መካከል ሙሉ እጄ ገባ። ያንን ሁሉ መንገድ ያልታሰረ ያህል ነበር የመጣው። አሁንም ሳስበው ሆዴ ይላወሳል። ስለዚህ በስስ ልብስ አስሪያት፤ ብርድ ልብሱን ከታሰረች በኋላ ከላይ ጣል አድርጊላት። ትከሻዋ ላይ ማሰሪያውን በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ሞክሪ። ከተቆነጠጠልሽ ላልቷል።

አሁን ወደ ዋናው። ካር ሲቱ በእውነት ጠቧት ቢሆን እንኳ ወደ ፊት አታዙሪያት። ጠበባት ማለት ተለቅ ያለ፣ ወደ ኋላ እያየች የምትቀመጥበት ያስፈልጋታል ማለት ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲተያይ ከባድ ነው፤ አንገቱ ገና አልጠናም። መኪና ከፊት ሲጋጭ ወደ ፊት የተቀመጠ ልጅ ትከሻው በማሰሪያው ተይዞ ይቀርና ጭንቅላቱ ይወረወራል። ወደ ኋላ ሲሆን ግን ጀርባውን፣ አንገቱንና ጭንቅላቱን የካር ሲቱ መደገፊያ አንድ ላይ ይቀበለዋል። አዲሱ የአውሮፓ ሕግ ከ15 ወር በፊት ማዞርን አይፈቅድም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር የዕድሜ ገደቡን ራሱን ትቶ፣ ካር ሲቱ እስከፈቀደው ኪሎና ቁመት ድረስ ወደ ኋላ ትሁን ይላል። ልጅሽ ገና 10 ወሯ ነው!

እኛ የገዛነው ወደ ኋላም ወደ ፊትም መዞር የሚችለውን፣ ወደ ኋላ እስከ 18 ኪሎ የሚይዘውን ነው። መኪናችን ቪትዝ ስለሆነች አይገባም ብለን ፈርተን ነበር። ከመግዛታችን በፊት ባለቤቴ የኋላውን ቦታ በሜትር ለካ። ገባ፤ የፊተኛው ተሳፋሪ ወንበር ግን ወደ ፊት መጠጋት ነበረበት። እዚያ የምቀመጠው እኔ ነኝ፣ ጉልበቴ ዳሽቦርዱን ሊነካ ምንም አይቀረው። ለምጄዋለሁ። ከገጠምሽው በኋላ የመኪናው ቀበቶ በሚያልፍበት በኩል ይዘሽ ነቅንቂው፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ እንደገና አጥብቂው። ቦታው ጠበበ ብለሽ ደግሞ ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋ ከረጢት) ባለበት የፊት ወንበር ላይ ወደ ኋላ አዙረሽ እንዳታስሪው። ኤርባጉ ሲፈነዳ በቀጥታ የሚመታው የካር ሲቱን ጀርባ፣ የልጅሽ ጭንቅላት ያለበትን ነው።

የድሮውን ለእህትሽ ልጅ ስለመስጠት፤ መጀመሪያ ገልብጠሽ ከታች ፕላስቲኩ ላይ ፈልጊ። የተሠራበት ቀን፣ ብዙ ጊዜም የሚያበቃበት ዓመት ተቀርጾበታል። ከባድ ግጭት ውስጥ የነበረ ከሆነ፣ ስንጥቅ ባይታይበትም ለማንም አትስጪ። የኔ ገና 2 ዓመት ይቀረው ስለነበር እዚሁ ጅማ ኮቺ ሰፈር ለምትኖር ጓደኛዬ ከነመመሪያው ሰጠኋት። ጨርቁን ብቻ አጠብኩት። ማሰሪያውን ሳሙናም በረኪናም ሳላስነካ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩት፤ ዘፍዝፎ ማጠብ ክሩን ያደክመዋል።