ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድባቴና የቻይና መድኃኒት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ አባታችን ስትሮክ ካገኛቸው አምስተኛ ወራቸው ነው። እጃቸው መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ፣ ከአንድ ጉርሻ በላይም አይቀምሱም። በቻይና የመርፌ ሕክምና ይድናሉ ተባልን። እውነት ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አባታችሁ አላኮረፉም፤ ታመዋል። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ድባቴ ይይዛቸዋል። የደረሰባቸው መከራ ብቻ ሳይሆን የተጎዳው አንጎልም የራሱ ድርሻ አለው። ስለዚህ የጠያቂ ሁሉ «አይዞዎት፣ ይበርቱ» አይበቃም፤ ሐኪም ይያቸው። ሞትን መመኘት ከጀመሩ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ የዚያኑ ዕለት ውሰዷቸው።

ወደ መርፌው ስንመጣ፣ ቻይናውያን ስትሮክን «ጆንግ ፌንግ» ይሉታል፤ በነፋስ መመታት እንደ ማለት ነው። (እኛም «መታው» እንላለን፤ ማን እንደመታው ግን አንናገርም።) ድባቴው በእነርሱ አስተሳሰብ በጉበት በኩል የሚዘዋወረው «ቺ» የተባለ ኃይል ሲታፈን ይመጣል። ያንን ለመክፈት እንደ ፀጉር የቀጠኑ መርፌዎች ይሰካሉ፤ አንዱ አናት መሐል፣ ሌላው በሁለቱ ቅንድቦች መካከል። መድኃኒት የለባቸውም። ቻይና ውስጥ ብዙ ጥናት ተሠርቶ አብዛኛው በጎ ውጤት አሳይቷል፤ ነገር ግን ጥናቶቹ በአመዛኙ ትንንሽ ናቸው፣ ታማሚውም መወጋቱን ያውቃል። ከመርፌው ምን ያህሉ፣ ከተስፋው ምን ያህሉ እንደመጣ መለየት ይቸግራል። ባለሙያው የሠለጠነ፣ መርፌውም አንዴ ተወግቶ የሚጣል ከሆነ፣ ከሐኪሙ ሕክምና ጎን ለጎን ቢሞከር አልቃወምም።

ጥያቄ፦ እናቴ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ለድባቴያቸው ከቻይና መድኃኒት ሱቅ «ሺያው ያው» የሚባል ክኒን ገዛሁላቸው። ቅጠል ስለሆነ አይጎዳም አይደል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ኮሶም የዛፍ አበባ ነው፤ የጠጣ ሰው ግን ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ጠርሙሱን ገልብጠው ያንብቡ። «ሺያው ያው» ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የወረደ ቅመማ ነው፤ ውስጡ «ዳንግ ጉዪ» የተባለ ሥር አለበት፣ እርሱም የዋርፋሪንን ኃይል ጨምሮ ደም ሊያፈስ ይችላል። ሊኮሪስ የተባለ ጣፋጭ ሥርም አለበት፤ ሲበዛ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ፖታሲየምን ይቀንሳል። ስትሮክ ላገኛቸው እናት ይህ ስጦታ አይደለም። ለስትሮኩ ራሱ የሚሰጠው «ዳን ሼን» የተባለ ሥርም ከዋርፋሪን ጋር አይስማማም። ክኒኑን ያቁሙ፤ ዋርፋሪኑን ግን እንዳያቋርጡ። ጠርሙሱን ይዘው ወደ ሐኪማቸው ይሂዱ፣ የደም መርጋት ምርመራም ይደረግላቸው።

ጥያቄ፦ አጎቴ ሰላም ሲሉት ያለቅሳል፣ ለቅሶ ቤት ደግሞ ይስቃል። ድባቴ ነው?

መልስ፦ ላይሆን ይችላል። ስትሮክ የለቅሶና የሳቅን ልጓም ሊፈታ ይችላል፤ ሰውየው ሳያዝን እንባው ይወርዳል። አትሳቁበት፣ አትገሥጹትም። ይህም መድኃኒት አለው።

ጥያቄ፦ የስትሮክ ታማሚዎች ድባቴ ሳይዛቸው ፍሉኦክሰቲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ቢጀምሩስ?

መልስ፦ በ2018 ውጤቱ የወጣ የብሪታንያ ጥናት 3127 የስትሮክ ታማሚዎችን ለስድስት ወር ተከታትሏል። መድኃኒቱን ከወሰዱት መካከል ድባቴ የያዛቸው ካልወሰዱት ያነሱ ነበሩ፤ የእጅና የእግር ማገገማቸው ግን አልተሻሻለም፣ አጥንት መሰበርም በዝቶባቸዋል። ለታመመ እንጂ ለመከላከያ አይሰጥ።

ጥያቄ፦ መርፌ ወጊው «የሆስፒታሉን ክኒን ጣሉት» አለን።

መልስ፦ ሌላ መርፌ ወጊ ፈልጉ።