መልስ፦ ፕላቲነሙ ካርቦኑ ላይ ለምን አልያዘም?

ወንድሜ፣ ፕላቲነምን በካርቦን ዱቄት ላይ አስይዘህ ካታሊስት (ምላሽ አፋጣኝ) ልትሠራ ስትሞክር ፕላቲነሙ አልይዝ እንዳለህ፣ ስታጣራውም ከስር የሚወርደው ፈሳሽ ጥቁር ቡናማ እንደሆነ ጽፈሃል። እንግዲያው ፕላቲነምህ አብሮ እየፈሰሰ ነው፤ ቩልካን ካርቦንህን (ፕላቲነሙን የሚሸከመውን ጥቁር ዱቄት) አትውቀሰው።

በኤቲሊን ግላይኮል ስትሠራ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚጨመረው የፕላቲነሙ ቅንጣቶች ከ2 እስከ 4 ናኖሜትር ላይ እንዲቀሩ ነው። ግላይኮሉ ኦክሳይድ ሲሆን የሚፈጠረው ግላይኮሌት ይሸፍናቸውና እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ይጠብቃቸዋል። ጣጣው ያው ሽፋን ቅንጣቶቹን ከካርቦኑም ማራቁ ነው። ስለዚህ ሽፋኑ እንዲላላ፣ ፈሳሹ ከቀዘቀዘ በኋላ እያማሰልክ ናይትሪክ አሲድ ጠብ ጠብ አድርግበት። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ3 በታች ይውረድና ሲማሰል ይደር። ጠዋት ማማሰያውን አጥፍተህ እየው፦ ካርቦኑ ዘቅጦ ከላይ ያለው ጥርት ካለ፣ ይዟል ማለት ነው።

ከዚያ በደንብ እጠበው። የታጠበበት ውሃ ላይ ብር ናይትሬት ጠብ ሲደረግ ነጭ ነገር መታየቱ እስኪቀር ድረስ አታቁም፤ የቀረ ክሎራይድ የፕላቲነሙን ገጽ ይይዝና ካታሊስቱ የሚያፋጥነውን የኦክስጅን ምላሽ ያዳክማል።

አደራ ደግሞ፣ ቀለሙን (ካታሊስቱን ኤሌክትሮድ ላይ ለመቀባት የሚበጠበጠውን ድብልቅ) ስታዘጋጅ ደረቁ ዱቄት ላይ አልኮል በቀጥታ እንዳታፈስ፤ እሳት ይነሳል። መጀመሪያ በውሃ አርጥበው።