ስድስት ቀን ለባሌ ተራሮች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጥር መጨረሻ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከባለቤቴና ከ12 ዓመት ልጃችን ጋር ስድስት ቀን እረፍት አለን። ልጁ ቀይ ቀበሮ ካላየሁ ብሏል። ባሌን፣ ሶፍ ኡመርን፣ ከዚያ አርባ ምንጭን አይተን ለመመለስ አስበናል። ድንኳንም ተውሰናል። ቀኑ ይበቃናል?
ሰ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህቴ፣ አርባ ምንጭን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ከአዲስ አበባ የባሌ ተራሮች ፓርክ መግቢያ እስከሆነችው ዲንሾ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሄጃና መመለሻው ሁለት ቀን ይበላባችኋል። የሚቀረው አራት ቀን ለባሌ ራሱ ያንሳል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እደሩ። አጥብቄ የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ በደረስንበት ቀን ሰነቴ ወጥተን ድንኳን ተከልን። ሰነቴ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አምባ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር፤ እህል የሚባል አስጠላኝ። ጠዋት ዚፑን ስስብ ሸራው በውርጭ ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ተንኮሻኮሸ። ልጅ ይዞ እንዲህ አይደረግም። ዲንሾ ስታድሩ ሰውነታችሁ ከፍታውን ይለምዳል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ስለሆነ መግቢያ ከፍላችሁ፣ አስጎብኚ ይዛችሁ በኮሶና በጥዱ መሃል ዙሩ። የደጋ አጋዘን በቅርብ ርቀት ቆሞ ሲያመነዥክ ታያላችሁ።

በማግስቱ በጎባ በኩል ማልዳችሁ ሰነቴ ውጡ። ቀይ ቀበሮ የሚያድነው በቀን ነው። ስታገኙት አትከተሉት፤ ሞተር አጥፍታችሁ ጠብቁ። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ ብቅ እስኪል ጆሮውን አቁሞ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ልጃችሁ ይቺን ቅጽበት ካየ ጉዞው ተሳካ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ ያለው ባሌ ነው። አደራ፣ ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ። የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ፈጅቷቸዋል።

ከሰነቴ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ብርዱ ይለቃችኋል። የአምባው ተክል ጅብራ ያልቅና የአስታ ቁጥቋጦ ይጀምራል፤ ከዚያ ሐረና ጫካ። ቡናው ዛፍ ሥር ራሱ በቅሎ ታገኙታላችሁ። የተዋሳችሁትን ድንኳን እዚህ ትከሉት እንጂ ሰነቴ ላይ አይሁን። ሪራ መንደር ላይ ማር ግዙ።

ሶፍ ኡመርን ከሮቤ ተነስታችሁ በአንድ ቀን ደርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን ቦርቡሮ የሠራው ዋሻ ነው፤ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ውስጡን የምታዩት ወንዙን በእግር እያቋረጣችሁ ስለሆነ ጥርን መምረጣችሁ በጣም ጥሩ ነው። ውሃው ሲሞላ አይሞከርም። ቦታው ለሙስሊሞች የተቀደሰ ነውና በአክብሮት ግቡ። ለየራሳችሁ የእጅ ባትሪና ቢረጥብ የማያሳስብ ጫማ ያዙ።

ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ፓርኩ ደውላችሁ የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ስሊፒንግ ባግ ቢኖራችሁም ለልጁ አንድ ጋቢ ጨምሩለት።