ፈረንሳይ ኢንጂነሪንግ ልትማሪ ላሰብሽው እህታችን

እህታችን፣ አምስት ኪሎ የኤሌክትሪካል ሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽ ጽፈሻል። ፈረንሳይ ካሉት ትልልቅ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤቶች አንዱ መግባት ትፈልጊያለሽ። «ፕሬፓ ያልተማረ አይገባም» ያለሽ ሰው አለ። እንግሊዝኛ ብቻውን ይበቃል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔም ከዚያው ግቢ ተመርቄ ነው የመጣሁት። ስለዚህ ያለፍኩበትን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ ፕሬፓ። እነዚህን ግራንድ ዜኮል የሚባሉትን ትምህርት ቤቶች የሚመኝ ፈረንሳዊ ተማሪ አስራ ሁለተኛን ሲጨርስ በአብዛኛው ቀጥታ አይገባም። ሁለት ዓመት ማትስና ፊዚክስ ሲያጠና ይከርማል፤ ፕሬፓ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ኮንኩር የሚባለውን የውድድር ፈተና ይወስዳል። ደረጃው ነው ትምህርት ቤቱን የሚወስንለት። ሊሴ ገብረ ማርያም ለተማረ ልጅ ይህ መንገድ ቅርብ ነው። ለአንቺ ግን ሌላ በር አለ። ዲግሪ ይዘው የሚመጡ የውጭ ተማሪዎችን ትራንስክሪፕት አይተው፣ ቃለ መጠይቅ አድርገው የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። ፖሊቴክኒክ የሚባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤትም ለውጭ ተማሪ ለብቻው መግቢያ አለው፤ እሱ ግን ማትስና ፊዚክስ ይፈትናል። ስለዚህ የነገሩሽ ልክ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት የተለያየ ወረቀት አለ። አንደኛው ማስተርስ ነው። ሁለት ዓመት ነው፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጥም ሞልቷል። ሁለተኛው ዲፕሎም ዳንጄኒዬር (የኢንጂነር ዲፕሎማ) ይባላል። በ1934 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ኮሚሽን ነው ትምህርት ቤቶቹ ይህንን ማዕረግ መስጠት እንዲችሉ የሚገመግማቸው። ዲፕሎማው የማስተርስ ደረጃም አብሮ ያሰጣል። ፈረንሳይ ውስጥ ቀጣሪው «አንጄኒዬር» ሲል ይህንን ነው የሚያስበው። ሐሳብሽ ፒኤችዲ ከሆነ ወይም ተምረሽ ሌላ አገር ልትሄጂ ከሆነ ማስተርሱ ይበቃሻል፣ ጊዜም ይቆጥብልሻል። እዚያው ፋብሪካ ወይም ኩባንያ ልሥራ ካልሽ ግን አንጄኒዬሩን ያዢ። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። እኔ የአምስት ዓመት ዲግሪ ይዤ ከ20 ዓመት ልጆች ጋር እንደገና አንደኛ ዓመት ቁጭ አልኩ። ይህ ከብዶኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ከዚያ የበለጠ የከበደኝ ማትሱ ነው። እኛ አፕላይድ ዋን፣ ቱ፣ ስሪ ብለን እንማራለን። እኔ ሦስቱንም ኤ ነበር ያመጣሁት። በሁለተኛው ሳምንት መምህሩ ሰሌዳ ላይ አወጣኝ። አንድ ሲሪስ (ማብቂያ የሌለው ድምር) ሰጠኝ። ኮንቨርጅ እንደሚያደርግ አይቼ ድምሩንም አስልቼ ጻፍኩለት። መልሱ ትክክል ነበር። መምህሩ አየውና «ፑርኳ?» አለኝ፤ ለምን? ጠመኔውን ይዤ ቀረሁ። የተጠቀምኩበት ቲዎረም በምን በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያው ፈተና ላይ ከ20 ሰባት አገኘሁ። (እዚያ 12 ጥሩ ውጤት ነው፣ 20 ግን እምብዛም አይታይም። ግሬድሽን ከአገር ቤቱ ጋር እያወዳደርሽ ራስሽን አታሳምሚ።)

ያዳነኝ አብሮኝ ዶርም የነበረ ልጅ ነው። ፕሬፓ ውስጥ ኮል የሚባል ልማድ አለ። ሦስት ተማሪ፣ አንድ ፈታኝ፣ አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ ሰሌዳ። መጀመሪያ ከትምህርቱ አንድ ቲዎረም ከነማረጋገጫው ትናገሪያለሽ፣ ከዚያ ጥያቄ ይሰጥሻል። ይህ ልጅ ማታ ማታ የጋራ ኩሽናው መስኮት ላይ በማርከር ያጽፈኝ ጀመር። መስታወቱ ሰሌዳችን ሆነ። አንድ ቅድመ ሁኔታ ዘልዬ ካለፍኩ ያጠፋውና «እንደገና» ይለኛል። ፓስታው እየፈላ እኔ «ኤፍ በዚህ ክልል ላይ ኮንቲንየስ ከሆነች…» እያልኩ እለፈልፋለሁ። በሁለተኛው ሴሚስተር 13 አገኘሁ። ውጤቱን እንዳየሁ ለእናቴ ነው የደወልኩላት።

ስለዚህ አሁኑኑ፣ ገና ግቢ እያለሽ፣ ሊኒየር አልጀብራና አናሊሲስን ከነማረጋገጫው ደግመሽ አንብቢ። ከፍ ያለ ጂፒኤ ቃለ መጠይቅ ድረስ ያደርስሻል፤ ክፍል ውስጥ የሚያቆይሽ ግን ይህ ነው።

ቋንቋውንም እንደዚሁ። ለአንጄኒዬሩ አብዛኞቹ ቢ2 የሚባለውን የፈረንሳይኛ ደረጃ ይጠይቃሉ። አሊያንስ ዛሬውኑ ተመዝገቢ። እኔ ቢ1 ላይ ሆኜ ደርሼ የመጀመሪያዎቹ ወራት ግማሹን ትምህርት ከሰሌዳው ላይ በመገልበጥ ነው ያለፍኩት። አፌ የተፈታው ክፍል ውስጥም አይደለም። አንደኛ ዓመት ሲያልቅ ስታዥ ኡቭሪዬ የሚባል አለ፤ እንደ ተራ ሠራተኛ አራት ሳምንት ፋብሪካ ትሠሪያለሽ። እኔ የአልሙኒየም መስኮት የሚገጣጥሙ ሰዎች ጋር ነበርኩ። ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት እንነሳለን። ከእነሱ ጋር ቡና እየጠጣሁ ነው ፈረንሳይኛ የገባኝ።

ስለ ምርጫሽ አንድ ነገር ልበል። ፖሊቴክኒክ ብቻ አትበይ። በ1794 የተቋቋመ ትልቅ ቤት ነው፣ ክብሩ አያጠያይቅም። ግን አንቺ ኤሌክትሪካል ነሽ። ሳንትራልሱፔሌክ በ2015 ከተዋሀዱ ሁለት ትምህርት ቤቶች የተፈጠረ ነው፤ አንደኛው፣ ሱፔሌክ፣ የኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ነበር። ቱሉዝ ውስጥ ተማሪዎቹ «ኤን ሴት» የሚሉት ትምህርት ቤት አለ። ግሬኖብል ደግሞ ለኢነርጂና ለውሃ ኃይል የሚሆን ትምህርት ቤት አለ። እኛ አገር ስማቸው አይታወቅም፣ ዘመድም አይደነቅም። መስኩ ውስጥ ያለ ሰው ግን በደንብ ያውቃቸዋል። ኑሮውም ከፓሪስ ይረክሳል።

በመጨረሻ ገንዘብ። የፈረንሳይ መንግሥት የሚሰጠውን የኤፌል ስኮላርሺፕ ሁሉም ሰው ራሱ አፕላይ የሚያደርግ ይመስለዋል። አይደለም። ስምሽን የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ነው። ማመልከቻው ጥር መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል፣ የትምህርት ቤቶቹ የውስጥ ቀን ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ጽፈሽላቸው መሆን አለበት። ለማስተርስ ደረጃ የዕድሜ ጣሪያው 25 ነው፤ ተመርቀሽ ሁለት ሦስት ዓመት ሥራ ላይ ከቆየሽ ያመልጥሻል። ሥራን በተመለከተ፣ የተማሪ ቪዛ በዓመት 964 ሰዓት መሥራት ይፈቅዳል። አንደኛ ዓመት ላይ ግን በእሱ አትተማመኚ፣ ጊዜ አይኖርሽም።

የምትመረቂበትን ዓመትና ዕድሜሽን ጻፊልኝ። ለኤፌል ትደርሺ እንደሆነ አብረን እናስላው። ትምህርት ቤቶቹ ሲጠይቁኝ የላክሁትን የማመልከቻ ደብዳቤም እልክልሻለሁ።