ትምህርት ሲከፈት ለጸሐፊዎች የሚላኩ የማስታወቂያ ጥያቄዎች፦ ጥያቄና መልስ

በጎንደር ለወላጆች የምንጽፍ ሰዎች ክረምቱ ሲጋመስ «ቦርሳችንን አስተዋውቁልን፣ ደብተራችንን አሳዩልን» የሚል መልእክት ይበዛብናል። በጽሕፈት መሣሪያ መደብር ለዓመታት ስለሠራሁ የምችለውን እመልሳለሁ።

የማራኪዋ እናት፦ እትዬ፣ ከውጭ አገር «ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሊመለሱ ነው» የሚል መልእክት ገና በሐምሌ መግቢያ ደረሰኝ። ልቀበለው?

መልስ፦ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚከፈቱት በእኛ ነሐሴ ስለሆነ ሻጮቹ መልእክቱን ቀደም ብለው ይልካሉ፤ የእኛ ልጆች ግን በሐምሌ መግቢያ ገና እረፍት መጀመራቸው ነው። እኔ መደብር ሳለሁ ወላጅ የሚጎርፈው ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነበር፤ እንቁጣጣሽ ካለፈ የሚመጣው የጎደለ እስክሪብቶ ፈላጊ ብቻ ነው። ስለዚህ ላኪው ጽሑፉ በነሐሴ አጋማሽ እንዲወጣ ከተስማማ፣ ዕቃው እዚህ የሚገኝበትን ሱቅና ዋጋውን በብር ከነገረሽ ተቀበይው። ቢጫ የተማሪ አውቶቡስ ፎቶ አያይዞ «ውድ ጸሐፊ» ብሎ የሚጀምር መልእክት፣ ልጆቹ በእግርና በባጃጅ ስለሚሄዱበት ከተማ አላሰበም።

የአዘዞ መምህር፦ ለአንድ ጽሑፍ ስንት ብር ልጠይቅ?

መልስ፦ ዋጋ አልቆርጥም። ስምምነታችሁን ግን በጽሑፍ አድርጉት።

ጀማሪ፦ ቦርሳ በነፃ ሰጡኝ እንጂ ገንዘብ አልከፈሉኝም። ማስታወቂያ ነው ልበል?

መልስ፦ አዎ፣ ያውም በመጀመሪያው መስመር ላይ። የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 መመሪያውን ሲያሻሽል፣ በነፃ ያገኙትን ዕቃ የሚያወድሱ ብሎገሮች ይህንኑ እንዲገልጹ አስፍሯል፤ የእኛም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ደግሞም ሳትፈትን አትጻፍ። የቦርሳውን ማንገቻ ከጀርባው ጋር የሚያገናኘውን ስፌት ገልብጠህ እይ፤ በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሐሉ ላይ መስቀለኛ ክር ካለው ሸክም ይችላል፤ በአንድ መስመር ብቻ ከተያያዘ አይቆይም። አንዲት እናት ትምህርት በተከፈተ በሳምንቱ፣ እኔው ጠንካራ ነው ብዬ የሸጥኩላትን ቦርሳ ማንገቻው ተበጥሶ ይዛልኝ መጣች። የከፈለችው ከልጆቿ ቀለብ ቀንሳ ነበርና እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

የጃንተከል ልጅ፦ ውድ ቦርሳ ማሳየት በራሱ ልክ አይደለም፤ ልጆች ወላጆቻቸውን ያስጨንቃሉ።

የአዘዞ መምህር፦ ታዲያ ሻጩ ምን ይብላ? አቅም ያለው ይገዛል።

የጃንተከል ልጅ፦ በአንድ ክፍል አብረው የሚቀመጡትን ልጆች እርስዎ ራስዎ ያዩ የለም እንዴ፣ መምህር?

መልስ፦ ሁለታችሁም፣ ይህን ለሌላ ቀን አቆዩት። ዋጋውን ከጻፋችሁ ወላጅ ራሱ ይመዝናል።

ሌላ ጠያቂ፦ የተሰጠኝ አንድ ደርዘን ደብተር ብቻ ቢሆንስ? መግለጽ አለብኝ?

መልስ፦ ከላይ መልሼዋለሁ፤ እባካችሁ አንብቡ። አንድ እስክሪብቶም ቢሆን በመጀመሪያው መስመር ይገለጽ።

ሌላ ጠያቂ፦ ስለ ማስታወቂያ በአጠቃላይ ቢነግሩን?

መልስ፦ ምኑን? የደረሰዎትን መልእክት ይዘው ይምጡና እንነጋገር።

የማራኪዋ እናት፦ አንድ የከተማችን ሻጭ ጽሑፉን ከመውጣቱ በፊት አይቼ ላርመው ይላል።

መልስ፦ ዋጋውንና የሱቁን አድራሻ ያርም። ስለ ስፌቱ የጻፍሽውን ከነካ ቦርሳውን መልሺለት።