የጋዜጣ ቴክኖሎጂ ኃላፊን የሕይወት ታሪክ መጻፍ

ጥያቄ፦ አባታችን በጋዜጣ ድርጅት የቴክኖሎጂ ኃላፊ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ በበጎ ፈቃድ ኮምፒውተር አስተምረዋል። በቀብራቸው የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጻፍ?

መልስ፦ ሹመት አትደርድሩ፤ ምን እንደለወጡ ጻፉ። በ1886 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረው፣ የጽሑፉን መስመር በቀለጠ የእርሳስ ብረት ከሚያወጣው ላይኖታይፕ ከተባለው የፊደል መልቀሚያ ማሽን በኋላ ፊደል በፎቶ መልቀም መጣ፤ ቀጥሎም ገጹ ያለ ፊልም ከኮምፒውተር በቀጥታ ማተሚያ ሰሌዳው ላይ መቀረጽ ጀመረ። የትኛውን ሽግግር መሩ? ይህን የሚያውቁት የማተሚያ ክፍል ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ልጆች ብዙ ጊዜ አያውቁትም። የተቀጠሩበትና የተሾሙበት ዓመት በቀላሉ ይምታታል፤ ከደብዳቤዎቹ ጋር አመሳክሩ። በጎ ፈቃዱንም «ኅብረተሰቡን አገልግለዋል» ብላችሁ አትለፉት፦ ማንን፣ ምን፣ ለስንት ዓመት? ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ የሹመቱን ክፍል ቁረጡ።