ገና፦ ከጋድ በፊት የሚያልቅ ሥራ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ወር ዓምድ ከወሎ የደረሱንን ደብዳቤዎች ስናነብ ቅሬታው ተቀራራቢ ሆኖ አገኘነው፦ በዓሉ ይመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ የተወለደው ግን ሳይታወስ ይነጋል። የቻልነውን ያህል በዝርዝር መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ፣ ከሦስት ልጆቼና ከባለቤቴ ቤተሰቦች ጋር ስምንት ሆነን እንኖራለን። በየዓመቱ የገናን ቅዳሴ የምሰማው ወጥ ቤት ሆኜ በድምፅ ማጉያ ነው። ሲነጋ ደግሞ ድካሙ ይጥለኛል። ምን ባደርግ ይሻላል? (እናት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህታችን፣ ሥራውን የሚያከብደው ሁሉም ነገር ታኅሣሥ 28 ላይ መውደቁ ነው። ጋድ፣ ማለትም የገና ዋዜማ፣ የጾም ቀን ነው። በዚያ ቀን ምድጃ ላይ ሊቀር የሚገባው ሥራ ከሁለት ሰዓት ተኩል መብለጥ የለበትም። የቀረውን እንዲህ ይበትኑት።

ጠላ ከጥንስስ እስከ መጠጣት ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ እስከ ታኅሣሥ 14 ካልተጠነሰሰ ለእንግዳ የሚቀርበው ጉሽ ነው። ቅቤው ታኅሣሥ 20 አካባቢ ይነጠር። የእንጀራው ሊጥ ታኅሣሥ 24 ይቦካ፤ 27 ይጋገራል። የድፎው ሊጥ 27 ማታ ተቦክቶ 28 ጠዋት በኮባ ቅጠል ይጋገር።

ጊዜ የሚበላው ቁሌቱ ነው። ለስምንት ሰው አንድ ዶሮ ከ12 እንቁላል ጋር ይበቃል። ለዚህ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት፣ 200 ግራም ያህል በርበሬ፣ አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ይያዝ። ቁሌቱን ታኅሣሥ 26 ወይም 27 በዘይት ብቻ ያብስሉት። ሽንኩርቱ በደቃቁ ተከትፎ መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት አንድ ሰዓት ያህል ይቁላላ። ሲይዝ ፍል ውሃ ጠብ ያደርጉለታል እንጂ አይቸልሱበትም። ብዙ ቤት ወጡ ተለያይቶ ውሃው ለብቻው፣ ሽንኩርቱ ለብቻው የሚቀረው እዚህ ላይ በመቸኮል ነው። ከዚያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ በርበሬው ይገባል። በርበሬ ደረቅ ብረት ከነካው ያርርና ወጡን መራራ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረጉ ሌላ 45 ደቂቃ ያብስሉት። ለደሴና ለወገልጤና ብርድ ተከድኖ ሁለት ቀን ቢያድር ምንም አይለው። ቆቦና ኮምቦልቻ ላይ ግን ማቀዝቀዣ ከሌለ በቀን አንዴ መፍላት አለበት።

ዶሮው ጋድ ዕለት ከሰዓት በኋላ ይታረድ፤ በ12 ብልት ተገንጥሎ በሎሚና በጨው ውሃው እስኪጠራ ይታጠብ። ቁሌቱ ሲፈላ ይጨመራል። የአበሻ ዶሮ ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የፈረንጅ ዶሮ 40 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። 200 ግራም ንጥር ቅቤ፣ ኮረሪማው፣ መከለሻውና የተቀቀለው እንቁላል የሚገቡት በመጨረሻ ነው። ቅቤ ከመጀመሪያው ካልገባ ወጥ አይባልም የሚሉ ባለሙያ እናቶች አሉ፤ ልክ ናቸው፣ ትንሽ ይለያል። እኛ ግን ትንሿን ልዩነት ለቅዳሴው ብንሰጥ እንመርጣለን።

አንድ ነገር አይርሱ፦ በጾም ቀን ወጥ አይቀመስም። የገና ወጥ በየዓመቱ ጨው የሚያንሰው ወይም የሚበዛው ለዚህ ነው። አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይለኩ፤ የጎደለው ማዕድ ላይ ይሞላል። ከቤታችሁ የሚቆርብ ካለ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ከእህልም ከውሃም ስለሚርቅ ቅምሻ ጭራሽ እንዳይታሰብ።

ምሽት ሁለት ሰዓት ላይ ድስቱ ወርዶ፣ ተከድኖ፣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ቄጠማው ተጎዝጉዞ ማለቅ አለበት። ከዚያ ጥቂት ሰዓት ይተኙ። ሽንኩርት መላጥ ወንድና ሴት የማይለይ ሥራ መሆኑን ለባለቤትዎ በዚህ ዓምድ በኩል አስታውሰናል፤ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት በሁለት ሰው እጅ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ቤታችን ውስጥ የምስጋና ጊዜ ለመጀመር ሞክሬ ነበር። ልጆቹ «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» ብለው ዓይናቸውን ወደ ድስቱ ይመልሳሉ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ወንድሜን ስላጣን ነገሩ ከበደን፣ ተውነው። እንዴት ይጀመራል? (አባት፣ ከወልድያ)

መልስ፦ አዲስ ሥርዓት መፍጠር አያስፈልግዎትም። በቅዳሴ ላይ «ነአኵቶ» ብሎ የሚጀምረው ጸሎተ አኰቴት አምላክን የሚያመሰግንበትን ምክንያት ሲዘረዝር «ወአብጽሐነ እስከ ዛቲ ሰዓት» ይላል፤ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና ማለት ነው። «እንኳን አደረሳችሁ» ስንባባል የምንለውም ይህንኑ ነው። ልጆቹ ይህን አንድ ነገር ካወቁ ሰላምታው ራሱ ጸሎት ይሆንላቸዋል።

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሳችሁ፣ ማዕዱ ከመከፈቱ በፊት 15 ደቂቃ ይበቃል። ጧፍ ይበራ። «አቡነ ዘበሰማያት» ይደገም። ማንበብ ከሚችሉት ልጆች ትንሹ ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ከቁጥር 1 እስከ 20 ያንብብ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይናገር፤ ሌላው ሁሉ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» እያለ ይቀበል። መቀበያው የተወሰደው ከመዝሙረ ዳዊት 135 ነው፤ በአንዳንድ እትም 136 ተብሎ ይገኛል። መዝሙሩ በ26ቱም ቁጥር ይህንኑ ስለሚደግም ያልተማረ ሕፃንም በሁለተኛው ዙር ይይዘዋል።

«ስለ ሁሉም ነገር» የሚለው መልስ የሚመጣው ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ ነው። ከሳምንት በፊት ለየልጁ ጠበብ አድርገው ይስጡት፦ ዘንድሮ ማን ምን አደረገልህ? ስሙን ጥራ። መምህሯ፣ እርሳስ ያዋሰው ጓደኛ፣ ሲታመም ያዘለችው አያት ይወጣሉ። የተጠራው ሰው ጎረቤት ከሆነ ልጁ ራሱ ዳቦ ይዞለት ይሂድ። አዋቂዎች ረጅም ንግግር እንዳያደርጉ ይጠንቀቁ። ዙሩን የሚገድለው አብዛኛውን ጊዜ የአጎት ስብከት ነው፤ ልጆቹ ይርባቸዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይሸሻሉ።

ስለ ሐዘኑ፦ ልቡ የተሰበረን ሰው ደስ ይበልህ ብሎ ማስገደድ ተገቢ አይደለም። ተራው ሲደርስ «እስከዚህች ሰዓት» ብቻ ብሎ ዝም ቢል ምስጋናው ሙሉ ነው፣ ቤቱም እንደ ሌላው ይቀበለው። የወንድምዎን ስም ከመጸለያችሁ በፊት ይጥሩት። ስሙ ሳይነሳ ሲቀር ሁሉም በልቡ እያሰበው ነውና ዝምታው ይበልጥ ይከብዳል።

ከዚያ የቤቱ ትልቅ ሰው ድፎውን በመስቀል ምልክት ባርከው ይቁረሱ፣ ይመርቁ። ከ44 ቀን ጾም በኋላ ሆድ እንዳይሸበር መጀመሪያ ተልባ ይቅረብ።

ጥያቄ፦ አማቴ ሙስሊም ናቸው፤ የገና ዕለት ቤታችን ይውላሉ። እንዳይከፋቸው ብዬ ጸሎቱን ልተወው አስባለሁ። ምግቡስ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጸሎቱን አይተዉት። ወሎ ውስጥ ሰው ጎረቤቱ በየሃይማኖቱ ሲጸልይ እያየ ነው ያደገው፤ አማትዎም የመጡት በዓል መሆኑን አውቀው ነው። የራሳችሁን ጸሎት በአጭሩ አድርሱ፤ ምርቃቱን ግን ለእሳቸውም ይስጧቸው። የእናት ምርቃት ላይ አሜን የማይል የለም።

በምግቡ በኩል የአገሩን ወግ ያውቁታል፤ ስህተት የሚፈጠረው ዕቃ ላይ ነው። ለእሳቸው ሁለተኛ ዶሮ ከነነፍሱ ይገዛና ሙስሊም ዘመድ ወይም ጎረቤት ይረደው። ቢላው፣ ድስቱ፣ ጭልፋውና የሚታጠብበት ሳፋ ይለዩ። ብዙ ሰው ድስቱን ለይቶ በአንድ ጭልፋ ሁለቱንም ያማስላል፤ ያኔ የተለየው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። ጭልፋው ላይ ክር ይሰሩበት። ቁሌቱ በዘይት የተሠራ ስለሆነ አንዴ ተሠርቶ ሥጋ ሳይነካው ለሁለት ይከፈላል። ለሁለተኛ ዶሮ አቅም ካልፈቀደ እንቁላል ወጥ በተለየ ድስት ያቅርቡ፤ የእርድ ጥያቄ የለበትም፣ ለእንግዳም አያሳፍርም። እርስዎም ለእሳቸው ከታረደው እንደማይበሉ ያውቃሉና ማንም ማንንም «ቅመስ» እያለ አያስጨንቅ።

መጠጡ ብርዝ ወይም ቀሪቦ (የገብስ መጠጥ) ይሁን። ቀሪቦ እርሾ ስላለበት ከአንድ ሌሊት በላይ ካደረ ሊያሰክር ይችላል፤ 28 ማታ የተሠራው 29 ላይ ይለቅ። ጥርጣሬ ካለ ብርዝና ቡና ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ 10 ቤተሰብ ሆነን በሬ እንገዛለን። ቅርጫው በሌሊት ስለሚጀመር ወንዶቹ ቅዳሴ አይደርሱም። ከቅርጫው ወጥተን ሥጋ ቤት ብንገዛ ይሻላል? (ከቆቦ)

መልስ፦ ሥጋ ቤት ዋጋው ይወደዳል፣ ቅርጫም ጎረቤት ያገናኛል፤ አይውጡ። ሰዓቱን ግን ከመግዛታችሁ በፊት ተስማሙበት፦ እርዱ ጠዋት አንድ ሰዓት። ስድስት ሰው ከተጋገዘ ከእርድ እስከ ዕጣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ነው፤ አምስት ሰዓት ላይ ሥጋው እየቤቱ ይገባል። የማለዳው ምግብ ዶሮው ስለሆነ የሚቸኩል አይኖርም።

ሌላው፦ ለ10 ሰው 11 መደብ አውጡ። 110 ኪሎ ሥጋ ቢወጣ ለ10 ሲካፈል 11 ኪሎ፣ ለ11 ሲካፈል 10 ኪሎ ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ኪሎ ቀንሳችሁ አንድ ቤት ሙሉ ድርሻ ያገኛል ማለት ነው። ለማን እንደሚሰጥ ቀድሞ ይወሰን፤ መደቡም ዕጣ ውስጥ ይግባ። ከየመደቡ ተቆራርጦ የሚሰጥ ከሆነ አጥንትና ጅማት መሆኑ አይቀርም። ሲላክም በልጅ፣ ተሸፍኖ፣ ሰው ሳይሰማ ይሁን።

ጥያቄ፦ ገና አንዳንዴ 28፣ አንዳንዴ 29 የሚሆነው ለምንድን ነው? ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለስ ይጾማል? (ተማሪ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ ከመጋቢት 29 ፅንሰት እስከ ታኅሣሥ 29 ልደት 9 ወር ከ5 ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ስለሚተርፍ ቁጥሩ እንዲጠበቅ ልደት ወደ 28 ይመጣል። ይህ የሚሆነው በዘመነ ዮሐንስ ነው፤ 5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱን ደምረህ ለ4 ስታካፍል ቀሪ ከሌለው ዘመኑ ዮሐንስ ነው። 2016 እንዲያ ነበር፣ 2020ም እንዲያው ነው፤ በ2020 ታኅሣሥ 28 ዓርብ ይውላል። ልደትና ጥምቀት ረቡዕና ዓርብ ቢውሉም ይበላል። መስቀል ግን በእነዚህ ቀናት ሲውል የጾም ምግብ ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ የገና ዛፍ ካልተገዛ ይላሉ። (ከደሴ)

መልስ፦ ጽድ ቆርጠው ብቻ አያምጡ፤ በተራራው ላይ የቀረው ጥቂት ነው። ፕላስቲኩ ኃጢአት አይደለም፣ ግን ልጁ ከመብራቱ ሌላ የሚያስታውሰው የለም። በዋጋው ለእያንዳንዱ ልጅ ጧፍና የገና መጫወቻ ዱላ ይገዛል፤ ሩሩ፣ ማለትም የጨዋታው ኳስ፣ ከእንጨት ይጠረባል።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ቤተሰቡን ይዘን ላሊበላ ብናከብርስ? ልጆቹ 6 እና 9 ዓመታቸው ነው። (ከወልድያ)

መልስ፦ ዕለቱ የቅዱስ ላሊበላም ልደት ስለሆነ ሕዝቡ ከየአገሩ ይመጣል። ማደሪያ ሳይዙ በጋሸና መንገድ አይውጡ። ሊታይ የሚገባው «ቤዛ ኩሉ» ነው፦ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ግማሹ ከዓለቱ ጫፍ፣ ግማሹ ከታች ቆመው «ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ» እያሉ ይቀባበላሉ፤ የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ ማለት ነው። ከላይ ያሉት የመላእክት፣ ከታች ያሉት የእረኞች ምሳሌ መሆናቸውን ለልጆቹ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ አለዚያ የሚያዩት የሰው ጀርባ ብቻ ይሆናል። የዓለቱ ጠርዝ አጥር የለውምና የ6 ዓመቱን ልጅ እጅ አይልቀቁ። ሌሊቱ ይበርዳል፣ ለየሰው አንድ ጋቢ ይያዝ። ጫማ በር ላይ ከተተወ በዚያ ሕዝብ መሀል አይገኝም፤ የሁሉም በአንድ ፌስታል ገብቶ በእጅ ይያዝ።